ጊች፦ በስሜን ተራራ ላይ ስለ ነበረች መንደር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ ቀን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ዓባይ ይሁን አልን፤ ሌሎቻችንም ስለ አፋር ዝቅተኛ ምድር ይሁን አልን። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ለመናገር ነው። ስሟ ጊች ይባላል። አሁን ሄዳችሁ ብትፈልጓት ሣሩንና ድንጋዩን ታገኛላችሁ እንጂ ቤቶቿን አታገኙም።

ወደ አዳራሹ ስትገቡ በበሩ በስተቀኝ፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ከጭቃ የተሠራ ተራራ አይታችሁ ይሆናል። እርሱ የጊች ምድር ምስል ነው። የምንናገረው ሁሉ ስለ እርሱ ስለ ሆነ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ በመካከሉ ዘወር እያላችሁ ብታዩት አንቀየምም።

ጊችን የመረጥንበት ምክንያት ከክፍላችን አንዱ ልጅ እዚያ ስለ ተወለደ ነው። መንደሩ በ2008 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016፣ ሲነሣ እርሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። ስለ ራሱ መናገር ስለማይወድ ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል፤ እኛም «ጓደኛችን» እያልን እናልፈዋለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታችንን ስንማር መምህራችን ጂኦግራፊን የጀመሩልን በሉል ወይም በካርታ አልነበረም፤ «ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሣሉ» ብለው ነበር። ጓደኛችን ያን ጊዜ ከአጎቱ ቤት ሊኖር ከመጣ ገና ጥቂት ወር ነበረ። የሣለው መንገድ ከሁላችን ይልቅ የረዘመ ሆነና ወረቀቱ ስላልበቃው በጀርባው ቀጠለ። እኛ ሳቅንበት። በኋላ እንደ ተረዳነው የሣለው የአጎቱን ቤት መንገድ ሳይሆን የጊችን መንገድ ነበር።

አሁን ወደ አገሩ አቀማመጥ እንለፍ። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት እርስዋም ራስዋ ብርዳም ከተማ ናት። ከዚያ በስተምሥራቅ የስሜን ተራሮች ይጀምራሉ። (ስሜን ስንል አቅጣጫውን ሳይሆን አገሩን ማለታችን ነው።) መኪና እስከ ሳንካበር፣ ከሳንካበርም አልፎ እስከ ጨነቅ ይሄዳል፤ ጊች ግን ከመንገዱ ማዶ ነበረች። ወደ እርስዋ ለመሄድ ከመኪና ወርዶ፣ ቁልቁል ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደ ገና ዳገቱን መውጣት ያስፈልግ ነበር። ጓደኛችን አባቱ ወደ ደባርቅ ገበያ የሚሄዱ ቀን በሌሊት ተነሥተው አህያ ሲጭኑ እንቅልፉን ያቋርጠው እንደ ነበር ያስታውሳል። መንደሯ በ3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነበረች። ከእርስዋ በላይ ያለው የእመት ጎጎ ጫፍ 3,926 ሜትር ነው።

ስለ ከፍታ ከተነሣ አይቀር፣ ብዙ ወላጆች በልጅነታቸው የራስ ዳሸን ተራራ 4,620 ሜትር ነው ብለው ተምረዋል። እኛ ደግሞ 4,550 ሜትር ያህል ነው ብለን ተማርን። ተራራው አላጠረም፤ የተሻሻለው መለኪያው ነው። አንድ አባት ከልጃቸው ጋር በዚህ ነገር ተከራክረው የቤት ሥራውን እንዳሳረሙት ሰምተናል፤ እንግዲህ ሁለቱም በየዘመናቸው ልክ ነበሩ ብለን እናስታርቃቸዋለን።

ይህ ምድር እንዴት ተሠራ ቢባል በእሳት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት ከምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ እየፈሰሰ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየተጋደመ፣ እንደ ጋሻ የሰፋ ትልቅ እሳተ ገሞራ በስሜን ላይ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ውሃ ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ቈረሰው። ይህን ለመረዳት አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ አስቡ። ዳቦውን ከአንድ ወገን በቢላዋ ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት፣ የተቆረጠው ወገን ግድግዳ ይሆናል፤ ያልተቆረጠው ወገን ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። ስሜንም እንዲሁ ነው። በሰሜን በኩል ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል፤ በደቡብ በኩል ግን ዝቅ ዝቅ እያለ የሚሄድ ሜዳና ሸለቆ አለው። ጊች የነበረችው በዚህ ባልተቆረጠው ወገን ላይ ነው። ጅንባርም ከሜዳው ውሃውን ሰብስቦ በገደሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ 500 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል። የዚህ አገር ወንዝ ሁሉ በስተመጨረሻ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም በአትባራ በኩል ከዓባይ ይገናኛል። ይህን ነገር አስታውሱልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ አየሩ። አገራችንን አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው እንደ ከፈሉ እናውቃለን። ጊች በውርጭ ውስጥ ነበረች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳልና፣ ጊች ከደባርቅ እንኳ 5 ዲግሪ ያህል ትበርዳለች። በጋው ከክረምቱ ይለያል፤ ነገር ግን የቀትርና የእኩለ ሌሊት ልዩነት ከወር ከወር ልዩነት ይበልጣል። በታኅሣሥ ቀን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች፤ ሌሊት ደግሞ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በላቦራቶሪ እንደ ተማርነው ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ይህ ግን በባሕር ዳርቻ ላሉት ነው። በጊች ከፍታ ውሃ በ88 ዲግሪ ያህል ስለሚፈላ፣ ባቄላ ወይም አተር እስኪበስል ድረስ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ማገዶውም አስታና ኩበት ነው። እንግዲህ የአየር ግፊት ማነስ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ተመልከቱ፤ አየሩ ሳሳ፣ ድስቱ ዘገየ፣ ማገዶ በዛ፣ የአስታው ዱር ተመነጠረ። መምህራችን ፊዚክስና ጂኦግራፊ ዘመዳሞች ናቸው የሚሉን ለዚህ ነው።

ጤፍ እዚያ አይበቅልም። ገብስ ነው የሚበቅለው፤ እርሱም ከብርዱ የተነሣ ብዙ ወራት ይቆያል። ድንችም ይተከል ነበር። እንጀራው የገብስ፣ ቆሎው የገብስ፣ በሶው የገብስ፣ ገንፎው የገብስ ነበር። የጊች ሰዎች እስላሞች ስለ ሆኑ ጠላ አይጠምቁም፤ ነገር ግን በበዓል ቀን የሚጠጣው ቀሪቦ እርሱም ከገብስ ነበር። ከመንደሩ በላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ ነው ያለው። ጅብራ እጅግ እንግዳ ተክል ነው፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም አበባ ያወጣና ይሞታል። ጭላዳ ዝንጀሮ በሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ከገደሉ አፍ ላይ ደግሞ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የማይገኘው ዋልያ ይታያል። ጓደኛችን ትልልቆቹ ወንዶች የጭላዳውን መንጋ ከገብሱ ላይ እንዲያባርር ይልኩት እንደ ነበርና እርሱ ግን ይፈራቸው እንደ ነበር አጫውቶናል።

ምስሉን ስንጀምር በእጃችን የነበረው ስዊሳውያን የሠሩት የስሜን ካርታ ነው፤ መለኪያው 1 ለ 25,000 ነው። እኛ አሰፋነውና አንዱ ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር እንዲሆን አደረግን። ሥራው ጥሩ ሄደ፤ ግን መንደሩን የት እንደምናስቀምጥ በትክክል አላወቅንም። ጓደኛችንም የልጅነት ትዝታውን መታመን አልፈለገም። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ አራታችን ሥዕሉን ጠቅልለን ወደ ደባርቅ፣ ወደ አያቱ ቤት ሄድን። ወደ ጊች ራስዋ ግን አልወጣንም።

አያቱ፣ እማማ እንበላቸውና፣ ሥዕሉን በመደቡ ላይ ዘርግተን ስናሳያቸው ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ይህ ምንድር ነው ልጆቼ?»

«ጊች ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ውሃው የት አለ?»

ጅንባርን በጣታችን አሳየናቸው። «እሱማ ወንዙ ነው፤ እኔ የምጠይቃችሁ ውሃውን ነው» አሉን። ምንጩን ማለታቸው ነበር። በካርታችን ላይ ምንጭ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፤ እርሳቸው አስተማሪ፣ እኛ ተማሪ ሆንን። ከቤታቸው እስከ ምንጩ ምን ያህል ይርቅ ነበር ብለን ብንጠይቃቸው «እንስራ አዝዬ ሁለት ጊዜ የማርፍበት ነው» አሉን። ስትወርዱስ ብንል፣ ባዶ እንስራ ይዞ የሚወርድ ሰው ምን ዕረፍት ያስፈልገዋል ብለው ሳቁብን። እኛ የተማርነው ካርታ የመውረጃውንና የመውጫውን ርቀት አንድ ያደርገዋል፤ በእማማ ካርታ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። የትኛው እርሻ በውርጭ ቶሎ እንደሚመታ፣ የትኛው ጥግ ነፋስ እንደማያገኘው፣ በክረምት ጭጋግ ሲወርድ ልጆች የትኛውን ድንጋይ እየዳበሱ ቤታቸውን እንደሚያገኙ ነገሩን። የነገሩንን ስሞች በትንንሽ ወረቀት ጽፈን በምስሉ ላይ ተክለናቸዋል።

ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። መንደሯ ለምን ተነሣች?

የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ሥፍራዎች አንዱ ስሜን፣ አንዱም ላሊበላ ነበሩ። ነገር ግን በ1996 ስሜን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። የዋልያው ቁጥር ማነስ፣ የእርሻው መስፋት፣ የከብቱ ብዛት ምክንያት ሆኑ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በሜዳው ላይ ያለው ግጦሽና እርሻ እንዲቀንስ ነበር። ፓርኩም ከ136 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። በ2016 የጊች 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

የአፈሩ ነገር እውነት መሆኑን መካድ አይቻልም። ሐንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊስ ጂኦግራፈር ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ጠባቂ ሆነው በስሜን ኖረዋል፤ ተዳፋቱ በታረሰ ቁጥር አፈሩ ምን ያህል እንደሚሄድ ያጠኑ ሰው ናቸው። በጊች በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። የታረሰ ተዳፋት ያን ሁሉ ውሃ ባዶ ገላውን ሆኖ ይቀበላል። አፈሩ ወደ ጅንባር፣ ከጅንባር በገደሉ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ይሄዳል። አስታውሱ ያልናችሁ ይህን ነው።

እኛ ይህን ነገር በእማማ ፊት ለማንሣት ፈራን፤ ስድብ እንዳይመስልባቸው። ራሳቸው አነሡት። «አባቴ ሲያርስበት የበሬው ሸሆና ይሰምጥ ነበር። እኛ ስናርስ ማረሻው ድንጋይ ላይ መጮህ ጀመረ። ልጄ ሲያርስማ ከብት አልሰለጠነም ብሎ በሬውን ይመታል፤ በሬው ምን አጠፋ!» አሉ።

እንግዲህ መሬቱ እንዲያርፍ ማስፈለጉን ራሳቸው ያውቁ ነበር። ታዲያ ቅሬታቸው ምንድር ነው ብትሉን፣ የወረዱት ገበሬ ሆነው ሲሆን የደረሱት ግን ከተማ መሆኑ ነው። የቤት መሥሪያ ቦታና የገንዘብ ካሣ ተሰጥቷቸዋል፤ የሚያርሱት መሬት ግን የላቸውም። ገንዘቡ ቤት ሲሠሩበት፣ ልጅ ሲድሩበት፣ ቀለብ ሲገዙበት አለቀ። የጓደኛችን አባት በጊች ሳሉ ውርጭ መቼ እንደሚመጣ ሰማዩን አይተው የሚናገሩ ሰው ነበሩ ይባላል፤ በደባርቅ ግን ይህን የሚጠይቃቸው የለም፤ ድንጋይ በማውረድና በመጫን ሲገኝ ይውላሉ። እማማ ቡና አፍልተው የገብስ ቆሎ ሲያቀርቡልን «ብሉ፤ የገዛሁት ነው» አሉን። ሰው እንግዳ ሲያስተናግድ የገዛሁት ነው ማለት ልማዱ አይደለም፤ ስለዚህ ቃሉ ከብዶን ጥቂት ጊዜ ማኘክ አቃተን።

ከደባርቅ ስንመለስ ክፍላችን ሁለት ሆነ። አንዱ ወገን፣ ዋልያ ከስሜን ከጠፋ ከዓለም ጠፋ፤ ሰው ግን በሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል አለ። ሌላው ወገን፣ ሰው ሊኖር ይችላል የምትሉት የሚኖርበትን ስትሰጡት ነው እንጂ ካለበት ስታነሡት አይደለም ብሎ መለሰ። ክርክሩ ሦስት ቀን ቆየ። እኛ ለመፍረድ ገና ተማሪዎች ነን፤ ግን የሚመስለንን ለመናገር ካልደፈርን ወደዚህ ቦታ መውጣታችን ትርፍ የለውም። የሚመስለን ይህ ነው፤ ሜዳው ዕረፍት ይገባው ነበር፤ ሜዳውን ያስረከቡት ሰዎች ግን የተቀበሉት ዋጋ ካስረከቡት ያነሰ ነው። ገንዘብ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ገብስ ግን በየዓመቱ ነበር። ለአንድ ገበሬ ከመሬቱ ጋር ዕውቀቱም ይወሰድበታል፤ በ3,600 ሜትር ላይ ገብስ የማብቀል ዕውቀት በከተማ መንገድ ላይ ለምን ይሆናል? በሜዳው ጥበቃና በጎብኚ ማስተናገድ ሥራ ከማንም በፊት ሊቀጠሩ ይገባ የነበሩት እነርሱ ነበሩ ብለን እናምናለን፤ ጭጋግ ውስጥ ድንጋይ ዳብሶ መንገድ የሚያገኝ ሌላ ሰው ከወዴት ይመጣል?

ጓደኛችን በዚህ ክርክር ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም። የተናገረው ምስሉ ላይ ቤት ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን ምስሉ የዛሬውን ምድር ማሳየት አለበትና ቤት አይኑርበት አልን፤ በእርግጥም በጂኦግራፊ ሕግ ይህ ትክክል ነበር። እርሱም «እንግዲያው ምንጩንም አንሡት፤ ያለ ቤት ምንጩን ማን ይቀዳዋል?» አለ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ አልነበረም።

እማማ ስንለያቸው ከዚያው ከገዙት ገብስ አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልለው ሰጥተውን ነበር፤ ለመንገድ ቆርጥሙት ብለው ነው። አልቆረጠምነውም። 418 ፍሬ ቆጥረን፣ ለያንዳንዱ አባወራ አንድ ፍሬ፣ በጭቃው ላይ ተከልን። መምህራችን በዚህ ነገር ነጥብ ቀንሰውብናል፤ በመለኪያው መሠረት አንዱ የገብስ ፍሬ 80 ሜትር ርዝመት ያለው ቤት ይሆናልና። እውነታቸውን ነው። በዕቃ ቤት ባደረ በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ አይጥ ገብቶ ከደቡቡ ወገን ሠላሳ ያህል ፍሬ በላ፤ የጎደለውን ከገበያ በገዛነው ገብስ ተካነው፤ ቀለሙ ጥቂት ነጣ ያለው እርሱ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ምስሉን ወደ ደባርቅ ለመውሰድ አሳብ አለን፤ ጭነቱን የሚያግዘን ወላጅ ካለ ለጂኦግራፊ መምህራችን ይንገርልን። እስከዚያው ድረስ ቀርባችሁ እዩት፤ በጅንባር በኩል ያለው ጭቃ ግን ገና አልደረቀምና በእጃችሁ አትንኩት።